የገመቹ ዛፍ

ባለፈው ወር፣ መሪ በሚባለው ሰፈር የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ተሰብስቦ ከብሎካችን ፊት የቆሙት ግራቪላዎች እንዲመለመሉ ወሰነ። ቅርንጫፉ በየበረንዳው የተተከለውን ዲሽ ጋርዶ ሰው ሁሉ ተማሮ ነበር። እሑድ ጠዋት አንድ ሰው መጋዝ ይዞ ወጣ፤ ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ጎረቤቴ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ቅርንጫፍ በወደቀ ቁጥር «ምስሉ ገና ነው፣ ገና ነው» ትለዋለች። እኔ ከዳቦ ቤት እየተመለስኩ ነበር። እርጥብ ግራቪላ ሲቆረጥ የራሱ ሽታ አለው፤ እንደ ጥሬ ባቄላ ያለ፣ ከሥሩ ግን ትንሽ የኮመጠጠ። አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። በአጠገቤ የምታልፍ ሴት ስኳር አለብሽ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። የለብኝም አልኳት። ዳቦውን እንደታቀፍኩ ሰውየው በሰላም እስኪወርድ ድረስ ከዚያ አልተነሣሁም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ከቀበና ወንዝ በላይ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ መውጣት በሚጀምርበት ዳገት ላይ፣ ሁለት ክፍል ባላት የቀበሌ ቤት ነው። አባዬ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነበር። በዚያ ዓመት በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ አንድ ቀን ጠዋት ለሥራ ሊወጣ ጫማውን ሲያስር ወደ ቀኝ ተዘንብሎ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ቀኝ እጁም፣ ቀኝ እግሩም፣ ምላሱም አልታዘዙለትም። ሰዎች «ስትሮክ መታው» ይሉ ነበር። እኔ ስትሮክ የሚባል ሰው ያለ መስሎኝ ሊጠይቁን የሚመጡትን ወንዶች ሁሉ ስማቸውን እጠይቅ ነበር። ስሙን ያልነገረኝ ሰው ካለ እስኪወጣ ድረስ ከአባዬ አልጋ አጠገብ አልነቃነቅም።

እማዬ ሾላ ገበያ ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ ትወጣለች፤ አባዬን እኔ እረከባለሁ። አጥሚቱን በማንኪያ እሰጠዋለሁ፤ በቀኝ ከንፈሩ በኩል የሚወርደውን በፎጣ እጠርግለታለሁ፤ ፖፖውን አቀርብለታለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ፖፖውን ስይዝለት ዓይኑን ይጨፍን ነበር። ቆይቶ ተወው።

ሐኪሙ እማዬን ብቻውን እንዳይተኛ፣ የሰው ድምፅ እንዲሰማ፣ የሚያየው ነገር እንዲኖረው አድርጉ ብሏት ነበር። ይህን የሰሙ የአባዬ የሥራ ጓደኞች ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ ተሰብስበው መጡና ዲሽ አስገቡለት። ቴሌቪዥኑ ድሮም ነበረን። አሁን ግን በውስጡ ዓለም ሁሉ ገባ። አብዛኛው ጣቢያ ዐረብኛ ነው፤ አባዬም እኔም አንዲት ቃል አንሰማም። ከሁሉም አባዬ የመረጠው በበረሃ መካከል መኪና የሚያሽቀዳድሙበትን ነው። ትልልቅ መኪኖች የአሸዋ ክምር ላይ ወጥተው ከዚያ ወዲያ ማዶ ይጠፋሉ። አባዬ ትራሱን ተደግፎ ያያቸዋል፤ ግራ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ሆና መሪ ትይዛለች። መኪናው ሲታጠፍ ትታጠፋለች። መኪናው አቀበት ሲይዝ አውራ ጣቱ ብርድ ልብሱን ጠብቆ ይይዛል። በዚያን ጊዜ ብቻ ፊቱ የድሮ ፊቱ ይሆናል፤ የተጣመመው ከንፈሩ እንኳ የተቃና ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ አባዬን የሚያድነው መድኃኒቱ ሳይሆን ዲሹ እንደሆነ አመንኩ። ለማንም አልነገርኩም፤ ነገሩ ግልጽ ነበር።

ትምህርት ተዘግቶ ክረምቱ ሲገባ ምስሉ መሰባበር ጀመረ። መኪናው አሸዋው ላይ እየወጣ ሳለ እንደ ወደቀ ሰሃን ይከሰከሳል፤ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ከዚያ ሰማያዊ መስኮት ይመጣና «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ይቆምበታል። በመጀመሪያ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ግን ሲያባራም አልመለስ አለ። አባዬ ሰማያዊውን ሲያይ ይውላል። ከዕለታት አንድ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግስቱም አልመለሰውም። ማንኪያውን ሳቀርብለት ብዙ ጊዜ ጥርሱን ይገጥማል። እማዬ ከገበያ ስትመለስ ጎድጓዳ ሳህኑን ታያለች፤ ከዚያ እኔን ታያለች፤ ያላበላሁት እኔ የሆንኩ ይመስለኛል።

እማዬ ዲሽ የሚሠራ ሰው ጠራች። ሰውየው ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ጥቂት ነካካውና ከላይ ሆኖ ዲሹ ምንም እንዳልሆነ ነገራት። ሳተላይቱ ያለው በፀሐይ መግቢያ በኩል እንደሆነ፣ ዲሹ ወደዚያ ማየት እንዳለበት፣ ፊቱ የቆመው ዛፍ ግን እንደጋረደው አስረዳት። በበጋ በቅርንጫፉ መካከል ቀዳዳ ነበር፤ አሁን አዲስ ቅጠል አውጥቶ ደፈነው፣ ቅጠሉም ረጥቦ ከበደ። እማዬ ሌላ ቦታ አይተከልም ወይ አለችው። ወርዶ ግቢያችንን ዞረ፤ ግቢ ከተባለ። በአንድ በኩል ወንዙ ላይ የሚያፈጥ ገደል፣ በሌላው የጎረቤት ግንብ ነው። የትም ቢሆን ያው ዛፍ ነው ፊቱ የሚቆመው አለና መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ።

እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ከፀሐይ መግቢያ በኩል የሚመጣ ነገር አለ፤ ወደ አባዬ እየመጣ መንገድ ላይ ዛፉ ያዘው። ግራቪላ ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር እንደ ብር የሚያበራ ነው። ያ የሚያበራው የተያዘው ምስል ነው አልኩ። ከዛፉ የረገፉትን ቅጠሎች እየለቀምኩ ገልብጬ አይ ነበር፤ ምናልባት አንዷ ላይ መኪና ቢኖር ብዬ።

ዛፉ የጎረቤታችን የጋሽ ቶሎሳ ነው። እኔ አባባ ቶሎሳ እላቸው ነበር። ሰባ ዓመት የተጠጉ፣ ረጅም፣ ሲሄዱ እጃቸውን ወደ ኋላ የሚያጣምሩ ሰው ናቸው። ሰፈራችን ገና ሰፈር ሳይሆን በፊት አባታቸው ገብስ ይዘሩበት ነበር ይባላል። እሳቸውም በጉልምስናቸው እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ ቆራጭ ነበሩ። ከዚያ ሁሉ መሬት የቀረቻቸው የሚኖሩባት ግቢ ናት። ከባለቤታቸው ከእማማ ጫልቱ ጋር በኦሮምኛ ያወራሉ፤ ከኛ ጋር በአማርኛ። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ገመቹ ይባላል። ገመቹ ተማሪ ሳለ ከትምህርት ቤት የተሰጠውን ችግኝ አምጥቶ አጥሩ ሥር ተከለ፤ ግራቪላው እሱ ነው። አድጎ ሥራ ቢያጣ በባሕር ወደ ዐረብ አገር ሊሻገር ሄደ። ከጅቡቲ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። ለቅሶ እንዳይቀመጡ ሞቱን ያየ የለም፤ እንዳይጽናኑ መኖሩን ያየ የለም። እኔ ገመቹን አላስታውሰውም። ዛፉን ግን ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

እማዬ አንድ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጋሽ ቶሎሳ ግቢ ገባች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ። በእኛ በኩል ያሉት ቅርንጫፎች ብቻ እንዲቆረጡላት በባሏ ስም ለመነች። ጋሽ ቶሎሳ እስክትጨርስ መሬት መሬት እያዩ ሰሟት።

«ልጄ» አሏት፣ «ባልሽን እግዜር እንዲምርልኝ እለምናለሁ። ዛፉን ግን አትጠይቂኝ። በዚህ ግቢ የቀረኝ ልጅ እሱ ነው።»

እማዬ ሌላ ቃል ሳትጨምር ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሣቻቸው። ለጎረቤት ሁሉ፣ ሰው እየሞተ ለእንጨት የሚሳሳ ሽማግሌ አየሁ ብላ ተናገረች። ከገበያ ጓደኞቿ አንዷ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ሥሩ ላይ ብታፈሺ ቀስ በቀስ ይደርቃል ብላ መከረቻት። እማዬ በጄሪካን አምጥታ አልጋ ሥር ደበቀችው። አንድ ካፊያ የሚጥልበት ማለዳ ጄሪካኑን አንጠልጥላ ወደ አጥሩ ስትሄድ በመስኮት አየኋት። ቆይታ ተመለሰች፤ ጄሪካኑ እንደሞላ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ዘይቱ የዛፍ መድኃኒት መስሎኝ ለምን እንዳልሰጠችው ገረመኝ።

ያን ሰሞን እኔን የያዘኝ የጋሽ ቶሎሳ ቃል ነበር። የቀረኝ ልጅ እሱ ነው ብለዋል። ሽማግሌ አይዋሽም። ስለዚህ ገመቹ ባሕር ላይ አልጠፋም፤ እዚህ ቆሟል። እንዲህ ከሆነ ቆረጣ ምን ያደርጋል፤ መለመን ነው የሚበቃው። አንድ ጠዋት እማዬ ገበያ ስትሄድ በአጥሩ ቆርቆሮ ቀዳዳ ሾልኬ ገባሁና ግንዱን በሁለት እጄ ያዝኩ። ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር፤ ጆሮዬን ስለጥፍበት ውስጡ የሆነ ነገር ይንቋቋል። ማውራት ጀመርኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ዞር ስል ጋሽ ቶሎሳ ከኋላዬ ቆመዋል።

ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ።

«ገመቹን ትንሽ ጎንበስ እንዲልልን እየለመንኩት ነው» አልኳቸው። «አባዬ እስኪበላ ድረስ ብቻ።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ግንዱ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ከዚያ አባትሽ ምግብ ከበላ ስንት ቀኑ ነው አሉኝ። ሦስት ጣት አወጣሁ። «ኢንታላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ እጄን ይዘው በበሩ በኩል ወደኛ ቤት ወሰዱኝ።

አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ነው። ጋሽ ቶሎሳ እሱ ከታመመ ጀምሮ ሁለቴ ጠይቀውት ነበር፤ ያኔ ግን ተደግፎ የሚቀመጥ ሰው ነው ያዩት። አሁን አጥንቱን አዩ። በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ የማትሠራውን ቀኝ እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥተው በጉልበታቸው ላይ አኖሯት። ለካ ፊትህ የቆምኩት እኔ ነኝ፣ አሉ ቀስ ብለው። እማዬ ተመልሳ እዚያው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሳይነሡ፣ ነገ እኔው ራሴ ወጥቼ እቆርጣለሁ፣ ሌላ ሰው ግን እጁን አያሳርፍበትም አሏት። እማዬ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች፤ አልፈቀዱም።

በማግስቱ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ረፋድ ላይ አባራ። እንጦጦ ጉሙን አልገለጠም። እማማ ጫልቱ ግንዱ እስኪደርቅ ሁለት ቀን እንዲታገሡ ለመኗቸው። ጋሽ ቶሎሳ፣ እሱ ሁለት ቀን ያለው አልመሰለኝም ብለው ጫማቸውን አወለቁ። መሰላሉ ከአጥሩ ጋር ተደገፈ፤ እማዬና እማማ ጫልቱ ግራና ቀኝ ሆነው ያዙት። ከመውጣታቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ።

«መሲ፣ አንቺ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁሚ። ምስሉ የመጣ እንደሆነ ያን ጊዜውኑ መጣ በይኝ። ከዚያ በኋላ አንዲትም ትርፍ አልቆርጥም። ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ» አልኳቸው።

ሮጬ ገባሁ። መስኮቱን ከፍቼ ሰማያዊው ፊት ቆምኩ። የገጀራው ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ቅጠል እየተንሿሿ ይወርዳል፤ ከዚያ የጋሽ ቶሎሳ ድምፅ፤ መጣ ወይ? አልመጣም እላለሁ። አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጠው ሁልጊዜ ያርፋሉ፤ ይጠይቃሉ። የእርጥቡ እንጨት ሽታ በመስኮቱ ገብቶ ቤቱን ሞላው። ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ ወደቀች። ካፊያው ተመልሶ ቆርቆሮውን መታ መታ ማድረግ ጀመረ።

አምስተኛዋ እንደወደቀች ሰማያዊው ብልጭ አለ። መጀመሪያ የሞተር ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች፤ ከዚያ አራት ማዕዘኖቹ ተሰበሰቡና አሸዋ ሆኑ። በአሸዋው ላይ አንድ ነጭ መኪና ይወጣል። ከኋላዬ አልጋው ተንቋቋ። አባዬ ፊቱን ከግድግዳው አዙሮ ነበር። ግራ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ወጣች፤ መሪዋን ያዘች።

«መሲ፣ መጣ ወይ?» የሚል ድምፅ ከውጭ ተሰማ።

ሰምቻለሁ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ለምን እንዳላወጣሁት ከዚያ ወዲህ በብዙ መንገድ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ አንዱንም ሙሉ በሙሉ አላምነውም። አንዲት ቅርንጫፍ ብትጨመር ዳግመኛ አይጠፋም ብዬ ሊሆን ይችላል። ድምፅ ካሰማሁ የአባዬ እጅ የምትቆም መስሎኝም ሊሆን ይችላል። ምናልባት ምክንያትም አልነበረኝም፤ መኪናው አሸዋውን ወጥቶ ሲጨርስ ማየት ፈልጌ ነበር።

«መጣ ወይ?» አሉ እንደገና።

አባዬ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አንሥቶ እኔ ላይ አደረገ። ጉሮሮው ውስጥ የሆነ ድምፅ ተንቀሳቀሰ፤ አልወጣም። እሱ መናገር አይችልም። እኔ እችላለሁ። ተያየን። ከዚያ ገጀራው ዛፉን መታ።

ቅርንጫፍ ሲወድቅ ቅጠሉ ቀድሞ ይንሿሿል። በዚያን ጊዜ መጀመሪያ ቀጭን የስንጥቃት ድምፅ ነው የተሰማው፤ ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር መሬት ላይ አረፈ። ከዚያ እማማ ጫልቱ በኦሮምኛ ጮኹ። ቴሌቪዥኑ እንደ መስታወት ጠርቶ ነበር። ያኔ ነው «መጣ» ያልኩት፤ ማንም አልሰማኝም።

ጋሽ ቶሎሳ ቆመውበት የነበረው ቅርንጫፍ ነው ከግንዱ ተገንጥሎ ይዟቸው የወረደው። የጎረቤት ወንዶች በአንሶላ ይዘው እስከ አስፋልቱ አወጧቸው፤ በታክሲ ሆስፒታል ገቡ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤታቸው ተመለሱ፤ ዕድሜያቸው ስለገፋ ከዚህ ወዲያ አልጋ ላይ ከመጠበቅ በቀር የሚደረግ ነገር እንደሌለ ለእማማ ጫልቱ ተነግሯቸው ነበር። እማዬ ድምፄ በቆርቆሮው ላይ በሚወርደው ካፊያ የተዋጠ መሰላት። ምስኪን ልጄ እየጮኸች አልተሰማላትም እያለች ለሚጠይቃት ሁሉ ትናገራለች፤ እኔን ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

በቤታችን ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ዝናብም ቢዘንብ አይጠፋም። አባዬ ግን ወደ ግድግዳው ዞሯል። እማዬ ትራሱን ከፍ ታደርግለታለች፣ ድምፁን ትጨምርለታለች፣ መኪኖቹ መጡልህ ትለዋለች። አይዞርም። አጥሚቱን ግን እንደገና ይውጥ ነበር፤ እሷ ስትሰጠው። እኔ ስሰጠው ዓይኑን ይጨፍናል። አንድ ከሰዓት ሁለታችን ብቻ ሳለን ወደ ጆሮው ጎንበስ አልኩና አትናገርብኝ አልኩት። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። መናገር የማይችልን ሰው እንዲህ ብሎ መለመን ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። አሁን ያንን አስተያየቱን ሳስታውስ ይገባኛል።

ፍልሰታ እንደገባ እማዬ ብርቱካን በላስቲክ ይዛ ጋሽ ቶሎሳን ልትጠይቅ ወሰደችኝ። ክፍላቸው ቅባትና ሽንት ይሸታል፤ የአባዬ ክፍል ሽታ ነው። ረጅሙ ሰውነታቸው አልጋው ውስጥ አጥሮ ነበር። ሳንባቸው ውኃ ቋጥሯል ይባላል፤ አንድ ቃል ተናግረው አርፈው ሌላ ይደግማሉ። አባቴ መብላቱን ጠየቁ፤ እማዬ እየበላ ነው አለቻቸው። ከዚያ ቅረቢ ብለው በጣታቸው ጠሩኝ።

«ስወድቅ» አሉ፣ «ምስሉ መጥቶ ነበር?»

እማዬ ከኋላዬ ቆማለች። እማማ ጫልቱ ብርቱካኑን እየላጡ ቀና አሉ።

«አልመጣም ነበር» አልኩ። «የመጣው በመጨረሻዋ ነው።»

ዓይናቸውን ከድነው አሰቡበት። ከዚያ ለባለቤታቸው በኦሮምኛ የሆነ ነገር ነገሯቸው፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ነበር። እማማ ጫልቱ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ ለእማዬ ተረጎሙላት፤ ትርፍ አልቆረጥኩበትም እያለ ነው፣ የጋረደቻቸው ያቺው ይዛኝ የወደቀችው ነበረች እያለ ነው። እማዬ ጎበዝ እንደተባለች ልጅ ራሴን ዳበሰችኝ። ብርቱካን ሰጡኝ፤ ፍሬውን የት እንደምተፋ አጥቼ ዋጥኩት።

ጋሽ ቶሎሳ ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው አረፉ። ድንኳኑ ግቢያቸው ውስጥ ተተከለ፤ ለገመቹ ያልተለቀሰውም ለቅሶ በአንድ ላይ ወጣ። ሴቶቹ አባትየውን ይጠሩና ልጁን ይደግማሉ። ከድንኳኑ በላይ ግራቪላው በእኛ በኩል ራቁቱን ቆሟል፤ የተቆረጠው ቦታ ሁሉ ቀልቶ ነበር። እማዬ ቤት ገብታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ጥቁር ጨርቅ አለበሰችው።

በሁለተኛው ቀን አባዬ በግራ እጁ በሩን ያሳይ ጀመር። እማዬ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲደጋግመው ገባት። ሁለት ወንዶች በወንበር ተሸክመው ወደ ድንኳኑ አስገቡት፤ ከታመመ ጀምሮ ከቤት ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። እኔ ፎጣውን ይዤ ከጎኑ እንድቀመጥ ተደረገ። አባዬ ፊት ለፊት የተቀመጡትን እማማ ጫልቱን አየ፤ አፉን ከፈተ። በቀኝ ከንፈሩ ምራቁ ወረደ፤ መጥረግ ነበረብኝ፣ እጄ አልታዘዝልኝ አለ። ግራ እጁን አነሣ። እኔን ሊያሳያቸው ነው አልኩ። እጁ ወደኔ ሳትመጣ ተመልሳ የራሱን ደረት መታች።

«እኔ» አለ።

ከዐቢይ ጾም ጀምሮ ያወጣት የመጀመሪያ ቃል ናት። ደረቱን እየመታ ደገማት፤ እኔ፣ እኔ። ሌላ ቃል አልነበረውም። ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። ወንዶቹ እንኳ ፊታቸውን በጋቢያቸው ያዙ። እማማ ጫልቱ ተነሥተው መጡና እግሩ ሥር ተንበረከኩ፤ ሁለቱንም እጆቹን፣ የሚሠራዋንም የማትሠራዋንም፣ በአንድ ላይ ያዙለት።

«አንተ ምን አደረግህ?» አሉት። «ወዶ ነው የወጣው። ትርፍ አልቆረጥኩም ብሎ ነው የሞተው። አንተ ምን አደረግህ?»

አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ወደኔ አላየም። ሆን ብሎ እንዳላየ አውቄአለሁ። የጾም ንፍሮ እየዞረ ነበር፤ አንዲት ሴትዮ ከአባቷ ጎን ያልተለየች ምስኪን ብላ አንድ እፍኝ ዘግና መዳፌ ላይ አደረገችልኝ። ስንዴው ገና ትኩስ ነበር። በላሁት።